ዛንዚባር፦ ክፍል ከመያዝዎ በፊት ባሕሩ የሚመጣበትን ሰዓት ይጠይቁ

እናቴ በሕይወቷ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። ይህን ምኞቷን ለመፈጸም ወደ ዛንዚባር ወስጃት ስምንት ሌሊት አድረን ተመልሰናል፤ ሦስቱን ሌሊት ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌው ከተማ፣ አምስቱን ደግሞ በምሥራቁ ዳርቻ በምትገኘው በጃምቢያኒ መንደር አሳለፍን። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ክፍሉን ያከራየን ማረፊያ ያልነገረን፣ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ ያላወቅሁት፣ ነገር ግን የቆይታችንን ግማሽ ያህል የወሰነ አንድ ጉዳይ ነው፤ እርሱም የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ነው። ደሴቲቱን ለማንም ከልቤ እመክራለሁ፤ የሚያድሩበትን ዳርቻና የሚሄዱበትን ቀን ከባሕሩ ጋር አስማምተው ቢመርጡ ግን እኛ ካገኘነው የበለጠ ያገኛሉ።

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ሆና የራሷ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት ያላት የደሴቶች ስብስብ ስትሆን፣ መንገደኛ ዛንዚባር ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ትልቋን ደሴት ኡንጉጃን ነው። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው የሚያርፈው ከስቶን ታውን ጥቂት ኪሎ ሜትር በሚርቀው በአቤይድ አማኒ ካሩሜ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እኛ አስቀድመን ዳሬሰላም ውስጥ የምንጠይቀው ዘመድ ስለነበረን በባሕር መሻገርን መረጥን።

በፈጣኑ የመንገደኞች መርከብ ከዳሬሰላም ዛንዚባር ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መንገደኛ በተለይ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ከፀሐይ መውጫ ተነስተው ነው፤ "ሳ ሞጃ" ማለት ማለዳ አንድ ሰዓት፣ "ሳ ሳባ" ማለት ደግሞ ቀትር ካለፈ በኋላ ሰባት ሰዓት ነው። ስድስትን ሲታ፣ ሰባትን ሳባ ስለሚሏቸው ጆሯችን ቶሎ ይለምዳቸዋል። ትኬት ላይ የሚታተመው ግን የዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። ትኬት ቆራጩ በቃሉ "ሳ ሞጃ" ብሎ የሰጠን ወረቀት ላይ 7:00 ተጽፎ ነበር፤ እናቴ ወረቀቱን ብቻ አይታ ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ የምንሄድ መስሏት ዕቃዋን ሳትሸክፍ ተኝታ ነበርና በማለዳ ቀስቅሼ ነው ያደረስኳት። ስለዚህ በቃል የተነገረዎትን እንደ ራስዎ ሰዓት፣ በወረቀት የታተመውን እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ይውሰዱት፤ ጀልባ ወይም መኪና ሲከራዩ ደግሞ ጠዋት ወይም ከሰዓት መሆኑን አስረግጠው ይጠይቁ።

የመርከቡ አገልግሎት ጥሩ ነበር። በተባለው ሰዓት ተነሳ፣ ሻንጣዎቻችን ቁጥር ተለጥፎባቸው ተጫኑ፣ የሕይወት አድን ጃኬቶች የት እንዳሉና እንዴት እንደሚለበሱ በቪዲዮ አሳዩን። የታችኛው ክፍል ማቀዝቀዣ ግን እጅግ ይበርዳል፤ እናቴ ነጠላዋን ባትይዝ ኖሮ ሁለቱን ሰዓት ተንቀጥቅጣ ታሳልፈው ነበር። የባሕር ሕመም የሚያስቸግረው ሰው ከመሐል፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ቢቀመጥ መንገላታቱ ይቀንስለታል። ትኬት ከመርከብ ድርጅቱ ቢሮ እንጂ ወደብ አካባቢ ከሚቀርቡ ደላሎች አይግዙ። ርካሽ ነው ብሎ በሰውና በጭነት የተጣበበ አሮጌ ጀልባ ላይ መሳፈርንም ፈጽሞ አልመክርም፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ስፓይስ አይላንደር የተባለችው መርከብ ከልክ በላይ ጭና ከኡንጉጃ ወደ ሌላዋ የዛንዚባር ደሴት ወደ ፔምባ ስትጓዝ ሰጥማ ከ200 በላይ ሰዎች ማለቃቸውን የደሴቲቱ ሰው እስከ ዛሬ አይረሳውም።

ስለ ሰነዶች ባጭሩ ልግለጽ። ከዳሬሰላም የተሻገረ ሰው አገር ባይለውጥም ዛንዚባር ወደብ ላይ ፓስፖርቱን ያሳያል፤ ቢጫ ወባ ካለበት አገር የመጣ ደግሞ የክትባት ካርዱን ይጠየቃል። ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ አገር ጎብኚ በዛንዚባር የኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን በኩል የሚሸጠውን የጉዞ መድን የመግዛት ግዴታ አለበት፤ ዋጋው ለአዋቂ 44 ዶላር ሲሆን እስከ 92 ቀን ያገለግላል። ከአገርዎ የገዙት ሌላ መድን ቢኖርዎትም ከዚህ ግዴታ ነፃ አያደርግዎትም። ቪዛም ሆነ መድን በኢንተርኔት ሲገዙ ገጹ የመንግሥት መሆኑን ያረጋግጡ፤ መንግሥታዊ መስለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ገጾች አሉና።

ስቶን ታውን በኮራል ድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ነው። አብዛኛው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ስለሆነ ታክሲው ዳር ላይ ያወርድዎትና ሻንጣዎን በእጅዎ ይዘው ይገባሉ። ቤቶቹ ከፍ ያሉ፣ ደረጃዎቻቸውም ቀጥ ያሉና ጠባብ ናቸው፤ አዛውንት ይዞ የሚሄድ ሰው ክፍል ሲይዝ መሬት ላይ ወይም አንደኛ ፎቅ ላይ እንዲሰጠው አስቀድሞ ይጻፍላቸው። እኛ ሳንጠይቅ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶን ነበር፤ የእንግዳ ማረፊያው ሰዎች የእናቴን ጉልበት አይተው ወዲያውኑ ክፍላችንን ወደ ታች ቀየሩልን። ለዚህ ትሕትናቸው አመሰግናቸዋለሁ።

በከተማው ውስጥ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው የአንግሊካን ካቴድራሉ ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1873 በተዘጋው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ ሲሆን፣ ከጎኑ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ አምስት ሰዎችን የሚያሳይ ሐውልት ቆሟል። አስጎብኚያችን ሰንሰለቱ በዚያ ዘመን ያገለገለ እውነተኛ ሰንሰለት መሆኑን ሲነግረን እናቴ ጫማዋን አወለቀች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እዚያ ቦታ አስጎብኚ መያዝ ዋጋ አለው፤ ራሱን ችሎ የሚዞር ሰው ብዙ ሳይረዳው ያልፋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራው የድንቅ ነገሮች ቤት የሚባለው ቤተ መንግሥት በታኅሣሥ 2020 ከፊሉ ስለተደረመሰ፣ ለእርሱ ብለው ቀን ከመመደብዎ በፊት ለጎብኚ ክፍት መሆኑን ይጠይቁ። በየመንገዱ የሚከተሉ ፈቃድ የሌላቸው አስጎብኚዎች አሉ፤ ነዋሪው "ፓፓሲ" ይላቸዋል። በጨዋነት አይሆንም ብሎ መንገድ መቀጠል ይበቃል።

ማታ ማታ በፎሮዳኒ የአትክልት ስፍራ፣ በባሕሩ ግንብ ላይ፣ የምግብ ገበያ ይዘረጋል። እኔ ሦስቱንም ምሽት እዚያ በላሁ፤ በልበ ሙሉነት የምመክረው ኡሮጆ የተባለውን ነው። በእርድ ቢጫ የሆነ፣ በማንጎ ወይም በሎሚ የኮመጠጠ ወፍራም መረቅ ነው፤ በላዩ ላይ የተቀቀለ ድንች፣ ከሽምብራ ዱቄት የተጠበሰ ባጂያ፣ የካሳቫ ጥብስና የኮኮናት ማባያ ይደረግበታል። ከፊታችን የነበረችው ሴት ሳህኑን እንደሞላች ካሳቫውን በእጇ ፈርፍራ ከመጨረሻው በተነችበት፤ አስቀድማ ብትጨምረው በመረቁ ይርስ ነበርና ሁሉንም በልክ ነው የምታደርገው። የዛንዚባር ፒዛ የሚሉት ደግሞ ስስ ሊጥ ውስጥ የተከተፈ ሥጋ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ተጠቅልሎ በብረት ምጣድ ላይ የሚጠበስ ነው፤ በሙቀቱ ሲበላ ጣፋጭ ነው። የባሕር ምግቦቹን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ አይጎዳም። የተዘረጋው ሁሉ በዚያ ቀን የተያዘ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከፊትዎ ከጥሬው የሚጠበሰውን ይምረጡ፣ ዋጋውንም ከመብላትዎ በፊት ይስማሙ። ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር የሚጨመቀው የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ እናቴን ከሁሉ በላይ አስደስቷታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በጃምቢያኒ የያዝነው ማረፊያ ራሱን የሚያስተዋውቀው ውሃው እስከ በረንዳው ደረጃ ድረስ በደረሰበት ፎቶግራፍ ነው፤ እኔም ባሕሩ ፊት ለፊት ለሆነ ክፍል ተጨማሪ ከፍዬ ነበር። የደረስነው በሙሉ ጨረቃ ዕለት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። እናቴን እጇን ይዤ ወደ በረንዳው አወጣኋት። ከፊታችን የነበረው እርጥብ ነጭ አሸዋ፣ በየቦታው የቀረ ኩሬ፣ በጎናቸው የወደቁ ጀልባዎችና እጅግ በሩቁ እንደ ክር የሚታይ ነጭ የማዕበል መስመር ብቻ ነበር። "ባሕሩ የታለ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሥራ አስኪያጁን ስጠይቀው ይህ የታወቀ ነገር ነውና መናገር እንደማያስፈልግ ገለጸልኝ። እኔ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። የምሥራቁ ዳርቻ ከባሕሩ በኮራል አለት የታጠረ ጥልቀት የሌለው ሜዳ ስለሆነ፣ ውሃው ሲሸሽ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊርቅ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ መዋኘት የሚባል ነገር የለም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ገንዘቡን የሚከፍለው በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚታይ ነገር ነው፤ ፎቶግራፉን የለጠፈ ሰው ደግሞ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨመር የሚያወጣው ወጪ የለም።

ነገሩን ያስረዳን የማረፊያው የሌሊት ዘበኛ ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ከሙላት እስከ ሽሽት ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ሙሉ ጨረቃ በሆነችበትና አዲስ ጨረቃ በምትወለድበት ሰሞን ልዩነቱ እጅግ ትልቅ ነው፤ በዛንዚባር አካባቢ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ውሃ መካከል አራት ሜትር ያህል ይደርሳል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት ደግሞ ውሃው ብዙም አይርቅም፣ ብዙም አይሞላም። እኛ በነበርንበት ሙሉ ጨረቃ ጠዋት አራትና አምስት ሰዓት ላይ ባሕሩ ጨርሶ ይጠፋና አሥር ሰዓት ገደማ ሞልቶ ግንቡን ይመታ ነበር። ዘበኛው ይህን ሁሉ ያስረዳን አሸዋው ላይ በእንጨት ጨረቃ እየሳለ ነው። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ውሃው ሲመለስ እናቴ ወንበሯን ወደ ደረጃው አስጠግታ፣ እግሯን ዘርግታ እስኪነካት ጠበቀችው።

ይህን ከተረዳን በኋላ ቆይታችን ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት በሸሸው ባሕር መሬት ላይ እንራመድ ጀመር፤ ይህም ከመዋኘት ያላነሰ ደስታ አለው። የመንደሩ ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙት በዚያ ሰዓት ነው። በአሸዋው ላይ ትናንሽ ካስማዎች ተተክለው በመካከላቸው ገመድ ይወጠራል፤ በገመዱ ላይ ጭብጥ ጭብጥ የሚያህል አረም ይታሰራል፤ ስድስት ሳምንት ገደማ አድጎ ሲታጨድ በፀሐይ ደርቆ ይሸጣል። ከእርሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ለጥርስ ሳሙናና ለምግብ ማወፈሪያ ይውላል። ሥራው በዚህ ዳርቻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። አንዲት አሮጊት እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ተቀምጠው ሲያስሩ አገኘናቸው። ታላቅን ሰላም ለማለት "ሺካሞ" ይባላል፤ እርሳቸውም "ማራሃባ" ብለው መልሰው ለእናቴ የገመዱን ጫፍ አቀበሏት። ሁለቱ አንድም የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ግማሽ ሰዓት ያህል አብረው አሰሩ። ወደዚህ ሜዳ ሲወጡ ጫማ ማድረግ ግድ ነው፤ ድንጋዩ ስለት አለው፣ ረጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው የባሕር ፍጥረታትም በየኩሬው ተደብቀዋል። ውሃው ሲመለስ በፍጥነት ስለሆነ ሩቅ ከመሄድ በፊት ሰዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ገመዶቹን ደግሞ መርገጥ የሰው እርሻ መርገጥ ነው።

ማረፊያው በሌላው ነገር መካከለኛ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ፣ አጎበሩ ያልተቀደደ፣ ቁርሱ በቂ ነው። የመታጠቢያው ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ይህ በምሥራቁ ዳርቻ ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ ባሕርይ ስለሆነ እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ቶሎ ጀነሬተር አስነሱ። ሶኬቶቹ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆኑ መቀየሪያ ይያዙ። ለዘበኛው ካለኝ አክብሮት የተነሳ ማረፊያውን አልተጣላሁትም፤ በፎቶግራፉ የተነሳ ግን ሙሉ ነጥብ አልሰጠውም።

ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ፣ በተለይም ልጆች ይዞ የሚሄድ፣ በሰሜን ጫፍ የሚገኙትን ኑንግዊንና ኬንድዋን ይምረጥ። እዚያ ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ ሽሽቱ ያን ያህል አያስቸግርም። በምላሹ ሆቴሉ ይበዛል፣ ሻጩ ይበዛል፣ ሙዚቃውም እስከ ሌሊት ይሰማል። የምሥራቁ ፓጄ በነፋስ ሸራ ለሚንሸራተቱ ሰዎች የተመቸ ነው። ጸጥታ ለሚወድና መንደር ውስጥ መሆንን ለሚመርጥ ሰው ግን አሁንም ጃምቢያኒን እመክራለሁ።

ከአንድ ቀን ጉዞዎች ውስጥ የጆዛኒ ደን ከሁሉም በልጦብኛል። ከጉሬዛ ወገን የሆነው የዛንዚባር ቀይ ጦጣ የሚገኘው በዛንዚባር ደሴቶች ብቻ ነው፤ ከእኛ ሦስት እርምጃ ርቆ ቅጠል ይበላ ነበር። አይመግቡ፣ አይንኩ፣ ጠጋ ብለው ፎቶ አይነሱ፤ ጠባቂዎቹም በትሕትና ይህንኑ ያስታውሳሉ። ከስቶን ታውን በጀልባ የሚደረሰው የቻንጉ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ ከመጡ አራት ኤሊዎች የተጀመረ የግዙፍ ኤሊዎች መኖሪያ አለው፤ ለግማሽ ቀን ይበቃል። የቅመም እርሻ ጉብኝቱ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል ከነተክላቸው ለማየት ጥሩ ነው፤ አስጎብኚው ገውዝን ሰንጥቆ በፍሬው ላይ የተጠመጠመውን ደማቅ ቀይ መረብ ሲያሳየን እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀውን ቅመም እንደ አዲስ አየችው። በኪዚምካዚ የሚካሄደውን የዶልፊን ጉዞ ግን አልመክርም፤ ብዙ ሞተር ጀልባዎች ጥቂት እንስሳትን ከብበው ሲያሳድዱ አይተን አሽከርካሪያችንን እንድንመለስ ለመንነው።

መገበያያው የታንዛኒያ ሺሊንግ ሲሆን ትልቁ የወረቀት ገንዘብ 10,000 ነው። ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ወዲህ በአገር ውስጥ ዕቃና አገልግሎትን በውጭ ገንዘብ ዋጋ ማውጣትና መክፈል በመንግሥት ደንብ ስለተከለከለ ሺሊንግ ይዞ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ኤቲኤም በስቶን ታውን በብዛት ስለሚገኝ ወደ መንደር ከመውጣትዎ በፊት ያውጡ። ዳላዳላ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻዎች ርካሽ ናቸው፤ ሻንጣና አዛውንት ላለው ሰው ግን ይጨናነቃሉ፣ እኛም በታክሲ ነው የሄድነው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ በከተማና በመንደር ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ የዋና ልብስ ለባሕሩ ዳርቻ ብቻ ነው። በረመዳን ቀን ቀን በአደባባይ አይበላም፣ ብዙ ምግብ ቤቶችም እስከ ማታ ይዘጋሉ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከባዱ ዝናብ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ በዚያን ጊዜ አንዳንድ ማረፊያዎች ይዘጋሉ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅና ነፋሻ ነው። በኅዳር አካባቢ አጭሩ ዝናብ ይመጣል፤ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ደግሞ ሞቃትና ፀሐያማ ነው።

እናቴ እንደገና መሄድ ትፈልጋለች። በዚህኛው ጊዜ ለማረፊያው ገንዘብ ከመላኬ በፊት የምጽፍላቸውን ጥያቄዎች አዘጋጅቻለሁ፤ እኛ በምናድርባቸው ቀናት ባሕሩ በስንት ሰዓት ላይ ይሞላል፣ ሲሸሽ ከበረንዳው ምን ያህል ይርቃል፣ ክፍላችን ስንት ደረጃ አለው፣ ያ ዘበኛስ አሁንም እዚያ ይሠራል? ቀኑን ደግሞ የምመርጠው ጨረቃ ግማሽ ከሆነች በኋላ፣ የባሕሩን ሰዓት ሰሌዳ ፊቴ ዘርግቼ ነው።